ስለ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ቁጠባ

ልጆች ሆይ፤ ገንዘብን ከቤት የሚያወጣው ትልቅ ወጪ ብቻ አይደለም። ትልቅ ወጪ ከሩቅ ስለሚታይ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይመክርበታል። ትንሽ ወጪ ግን እንደ ምስጥ በስውር ይበላል፤ ባለቤቱም ምሰሶው እስኪወድቅ ድረስ አያውቀውም። ዛሬ ታሪኩን የምናነበው ሰው ይህን ነገር በልጅነቱ ተማረ፤ አንዳንዱንም በእንባ ተማረ፤ ከተማረ በኋላም እስከ ሞቱ ድረስ አልረሳውም። ይህ ሰው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ይባላል።

ቤንጃሚን በሰሜን አሜሪካ በቦስተን ከተማ በ1706 ተወለደ። በዚህ ታሪክ የምናነባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ያን ጊዜ ያ አገር በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ስለ ነበረ ሰዎቹ ሒሳባቸውን በፓውንድ፣ በሽልንግና በፔኒ ያደርጉ ነበር። 12 ፔኒ 1 ሽልንግ ይሆናል፤ 20 ሽልንግም 1 ፓውንድ ይሆናል።

አባቱ ከሞራ ሻማ የሚሠራ፣ ሳሙናም የሚያበስል ሰው ነበረ። የመጀመሪያይቱ ሚስቱ ስለ ሞተችበት ሁለተኛ አግብቶ ከሁለቱም 17 ልጆች ወለደ፤ ቤንጃሚንም 15ኛው ልጅ ነበረ። እንዲህ ባለ ቤት ምንም ነገር ያለ ቁጥር አይወጣም። ቤንጃሚን ንባብን እጅግ ይወድ ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት እንኳ ሳይማር አባቱ ከትምህርት ቤት አወጣው። በ10 ዓመቱም የሻማውን ክር እየቆረጠ፣ የቀለጠውንም ሞራ በሻማ ማውጫው ውስጥ እየሞላ አባቱን ያግዝ ጀመር።

ገና የ7 ዓመት ልጅ ሳለ በአንድ የበዓል ቀን ዘመዶቹ ኪሱን በናስ ሳንቲም ሞሉለት። እርሱም ደስ ብሎት የልጆች መጫወቻ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሲሮጥ አንድ ሌላ ልጅ ፊሽካ ሲነፋ በመንገድ አገኘው። የፊሽካው ድምፅ ልቡን ስለ ማረከው ዋጋውን ሳይጠይቅ ያለውን ሳንቲም ሁሉ ሰጥቶ ገዛው። ወደ ቤቱም ተመልሶ እየነፋ በየክፍሉ ዞረ፤ ቤተ ሰቡንም አስጨነቀ። ወንድሞቹና እኅቶቹ ስንት እንደ ገዛው ሰምተው ከሚገባው ዋጋ አራት እጥፍ እንደ ከፈለ ነገሩት፤ በቀረውም ገንዘብ ምን ያህል መልካም ነገር ሊገዛ ይችል እንደ ነበረ እየቈጠሩ ሳቁበት። ሕፃኑ ቤንጃሚን በቍጭት አለቀሰ። ፊሽካው ከሰጠው ደስታ ይልቅ ጸጸቱ በለጠ። ከዚያ ቀን በኋላ የማያስፈልገውን ነገር ለመግዛት ልቡ ሲነሣሣ ያን ፊሽካ እያስታወሰ እጁን ይሰበስብ ነበር።

በ12 ዓመቱ አባቱ ማተሚያ ቤት ለነበረው ለታላቅ ወንድሙ ለጄምስ ሥራ እንዲማር ሰጠው። በማተሚያ ቤትም የእርሳስ ፊደል መልቀምንና ወረቀት ማተምን ተማረ። ወንድሙ ለሠራተኞቹ ምግብ በሌላ ቤት ያስበላቸው ነበር፤ ዋጋውንም በየሳምንቱ ይከፍል ነበር። ቤንጃሚን 16 ዓመት ያህል ሲሆነው ሥጋ መብላትን የሚከለክል መጽሐፍ አንብቦ ሥጋ ተወ። ከዚህም በኋላ ለወንድሙ አንድ አሳብ አቀረበለት፤ ለምግቡ ከሚከፈለው ገንዘብ እኩሌታውን ብቻ ቢሰጠው ራሱን እንደሚመግብ ነገረው። ወንድሙም ወዲያው ተስማማ። ቤንጃሚን ከተሰጠው ከዚያ እኩሌታ ደግሞ እኩሌታውን እያተረፈ መጻሕፍት ገዛበት። ሌሎቹ ምሳ ሊበሉ ሲወጡ እርሱ ጥቂት ዳቦና እፍኝ ዘቢብ ቀምሶ፣ ውኃም ጠጥቶ፣ በቀረው ሰዓት ያነብ ነበር። በትምህርት ቤት ሳለ ሁለት ጊዜ ያቃተውን ሒሳብ በዚያ ሰዓት ብቻውን ተማረው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ከምሳው ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ጊዜንም አተረፈ።

ነገር ግን ወንድሙ ቍጡ ነበረ፤ ይመታውም ነበር። ስለዚህ ቤንጃሚን በ17 ዓመቱ በ1723 ከቦስተን ኮበለለ፤ በባሕርና በእግርም ተጕዞ ፊላዴልፊያ ወደሚባል ከተማ ደረሰ። በዚያ ማንንም አያውቅም ነበር። በኪሱ የነበረው አንድ ብርና አንድ ሽልንግ ያህል ናስ ብቻ ነበረ፤ ናሱንም ስለ መሻገሪያው ለጀልባ ቀዛፊዎች ሰጠ። እጅግ ስለ ራበው ወደ ዳቦ ጋጋሪ ገብቶ የሦስት ፔኒ ዳቦ ጠየቀ። በዚያ ከተማ ዳቦ ርካሽ ስለ ነበረ ሦስት ትልልቅ ዳቦ ተሰጠው። ሁለቱን በብብቱ ይዞ ሦስተኛውን እየበላ በመንገድ ሄደ። ከጠገበም በኋላ የቀሩትን ሁለቱን አብራው በጀልባ ለመጣች ሴትና ለልጅዋ ሰጣቸው። ለራባቸው ስለ ሰጠ ይህ ልጅ ቆጣቢ እንጂ ንፉግ እንዳልነበረ እናውቃለን።

ይሁን እንጂ ቤንጃሚን ሳይሳሳት አልቀረም፤ ከስሕተቶቹም አንዱ ብዙ ዓመት አስጨነቀው። በ1724 ዘመዶቹን ሊጠይቅ ሄዶ ሳለ ቨርነን የሚባል የወንድሙ ወዳጅ በፔንሲልቫኒያ አገር ያለውን ዕዳ እንዲቀበልለትና ላከው እስኪለው ድረስ እንዲያስቀምጥለት ዐደራ አለው። ገንዘቡም 35 ፓውንድ ያህል ነበረ። ቤንጃሚን ገንዘቡን ተቀበለ። ያን ጊዜ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው አንድ ጓደኛ ነበረው፤ ይህም ጓደኛ የተማረ ነበረ፤ ነገር ግን በመጠጥና በቁማር ገንዘቡን አጥፍቶ ነበር። ጓደኛውም ዛሬ ጥቂት፣ ነገም ጥቂት እያለ ይበደረው ጀመር። ቤንጃሚን እምቢ ማለት አፍሮ ከዐደራው ገንዘብ እየቆነጠረ ሰጠው። በመጨረሻም ጓደኛው ወደ ሌላ አገር ሄደ፤ ያን ገንዘብም ከቶ አልመለሰም።

ቨርነን ገንዘቤን ላክ ቢለው ቤንጃሚን ምን ሊመልስ ነው? ሌባ ተብሎ ሊከሰስ፣ ስሙም በሕዝብ ፊት ሊጠፋ ይችል ነበር። ደብዳቤ በመጣ ቍጥር የሚፈራው ይህን ነበር። ገንዘቡ የሌላ ሰው ነበረ፤ የወጣውም በአንድ ቀን አይደለም፤ በጥቂት በጥቂቱ እንጂ። ቤንጃሚን ከሸመገለ በኋላ የሕይወቱን ታሪክ ሲጽፍ ይህን ነገር አልሸሸገም፤ ከትልልቅ ስሕተቶቹ አንዱ አድርጎ ቈጠረው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ለንደን ከተማ ሄደ። አገረ ገዢው ለንደን ስትደርስ ገንዘብ የምታገኝበት ደብዳቤ እሰጥሃለሁ ብሎ ተስፋ ሰጥቶት ነበር፤ እዚያ ሲደርስ ግን ደብዳቤው አልተገኘም። ስለዚህ በማተሚያ ቤት ተቀጠረ። በዚያ ቤት 50 ያህል ሠራተኞች ነበሩ፤ ቢራም እጅግ ይወዱ ነበር። ከጎኑ የሚሠራው ሰው ከቁርስ በፊት፣ በቁርስ ጊዜ፣ በቁርስና በምሳ መካከል፣ በምሳ ጊዜ፣ ወደ ማታ፣ የቀኑም ሥራ ሲያልቅ፣ በየቀኑ ስድስት ጊዜ ይጠጣ ነበር። ለሥራው ብርታት እንደሚሰጠው ያምን ነበርና። ቤንጃሚን ግን ውኃ ብቻ ይጠጣ ነበር። ሌሎቹ አንዱን የከበደ የፊደል ገበታ በሁለት እጃቸው ሲሸከሙ እርሱ በአንዳንድ እጁ አንዳንድ ይዞ በደረጃ ይወጣና ይወርድ ነበር። እነርሱም ውኃ ጠጪው ከእነርሱ ስለ በረታ ተደነቁ።

ቅዳሜ ማታ ደመወዝ ሲከፈል ያ ጠጪ ባልንጀራው ለቢራው አራት ወይም አምስት ሽልንግ ይከፍል ነበር። ልጆች ሆይ፤ እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በሳምንት 4 ሽልንግ በ52 ሳምንት 208 ሽልንግ ይሆናል፤ ይህም 10 ፓውንድ ከ8 ሽልንግ ነው። ሰውዬው ደኽይቶ የኖረው ደመወዙ ስላነሰ ብቻ አልነበረም። ቤንጃሚን ለባልንጀሮቹ በቁርስ ቢራ ፈንታ ቅቤና ቁንዶ በርበሬ ያለበት፣ ዳቦም የተፈረፈረበት ትኩስ አጥሚት በአንድ ቢራ ዋጋ እንደሚገኝ አሳያቸው። ብዙዎቹም መከሩት፤ ተጠቀሙም። ሌሎቹ ግን በዱቤ መጠጣታቸውን አልተዉም።

በ1726 ወደ ፊላዴልፊያ ተመለሰ፤ በ1728ም ከአንድ ባልንጀራው ጋር የራሱን ማተሚያ ቤት ከፈተ። ለማተሚያው መሣሪያ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ስለ ነበረባቸው ባለ ዕዳው ከሰሳቸው፤ ማተሚያው ሊሸጥ ቀረበ። ያን ጊዜ ሁለት ወዳጆቹ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ለየብቻቸው መጥተው ገንዘብ ሊያበድሩት ፈቀዱ። ለምን አመኑት? ማለዳ ሲሠራ፣ ሌሊትም ሲሠራ ያዩት ስለ ነበረ ነው። ቤንጃሚን በእውነት ትጉና ቆጣቢ ነበረ፤ ሰዎችም ይህን እንዲያዩ ይፈልግ ነበር። ልብሱ ያለ ጌጥ ነበረ፤ በከንቱ ጨዋታ ስፍራም አይገኝም ነበር። የገዛውንም ወረቀት በባለ አንድ እግር የእጅ ጋሪ ጭኖ እርሱ ራሱ በከተማው መንገድ እየገፋ ወደ ቤቱ ይወስድ ነበር። በዚህም ነጋዴዎቹ አመኑት።

ቨርነን ስለ ገንዘቡ በጻፈለት ጊዜ ቤንጃሚን አልካደም። ጥፋቱን አምኖ ጥቂት ጊዜ እንዲታገሠው ለመነው። ባገኘም ጊዜ ዋናውን ከነወለዱ ከብዙ ምስጋና ጋር ከፈለ። ያን ቀን ከትከሻው ላይ የወረደለትን ሸክም ዕዳ ያለበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በ1730 ዲቦራ ሪድን አገባ። ዲቦራ እንደ እርሱ ትጉና ቆጣቢ ነበረች። የታተመውን ወረቀት ታጥፍና ትሰፋ ነበር፤ በሱቁም ትሸጥ ነበር፤ ወረቀት ለሚሠሩ ሰዎች የሚሆነውን አሮጌ ጨርቅ ትገዛ ነበር። ያን ጊዜ ወረቀት የሚሠራው ከአሮጌ ጨርቅ ነበርና፤ ሌላው የሚጥለው እራፊ ለእነርሱ ገንዘብ ሆነ። የቤታቸው ዕቃ ርካሽ፣ ገበታቸውም ቀላል ነበረ። ቤንጃሚን ቁርሱን ሁለት ፔኒ በተገዛ የሸክላ ጣባ ዳቦና ወተት አድርጎ በቆርቆሮ ማንኪያ ይበላ ነበር።

ነገር ግን አንድ ቀን ማለዳ ለቁርስ ሲጠራ ወተቱ ከቻይና አገር በመጣ ያማረ ሳህን ቀርቦ፣ የብር ማንኪያም ተጨምሮ አገኘ። ሚስቱ እርሱ ሳያውቅ በ23 ሽልንግ ገዝታው ነበር። ምክንያትዋም ባልዋ ከጎረቤቶቹ ባሎች የማያንስ መሆኑ ነበር። 23 ሽልንግ 276 ፔኒ ይሆናል፤ በዚህም ገንዘብ 138 የሸክላ ጣባ በተገዛ ነበር። ከዚያም በኋላ ሀብታቸው እየበዛ በሄደ ጊዜ ያማረው ሳህንና የብሩ ዕቃ ቀስ በቀስ በዝቶ ዋጋው ብዙ መቶ ፓውንድ ሆነ። ቤንጃሚን ይህንም በራሱ ላይ እየሳቀ ጽፎታል። ወደ ቆጣቢ ቤት የሚገባው ምኞት በጠላትነት አይመጣም፤ በፍቅርና በክብር ስም ይመጣልና፤ ለጎረቤት ሲባል የሚወጣው ገንዘብም ከሁሉ ይበልጣል።

ቤንጃሚን ጠባዩን ለማረም አንዲት ትንሽ ደብተር አዘጋጀ፤ 13 በጎ ምግባሮችንም ጻፈባት። አምስተኛው ቁጠባ ነበረ። ትርጓሜውንም ሲሰጥ ለራስ ወይም ለሌላው መልካም ለማድረግ ካልሆነ በቀር ገንዘብን አለማውጣት፣ ምንም ነገርንም አለማባከን መሆኑን አስረዳ። በየማታው ቀኑን መርምሮ በበደለበት ምግባር አንጻር ጥቁር ነጥብ ያደርግ ነበር። ነጥቦቹ ካሰበው በላይ ቢበዙም እያደር እየቀነሱ በመሄዳቸው ደስ አለው።

ከ1732 ጀምሮ 25 ዓመት ያህል የዘመን መቁጠሪያ መጽሐፍ በደኻው ሪቻርድ ስም ያሳትም ነበር። በየዓመቱም 10,000 ያህል ይሸጥ ነበር። በቀኖቹ መካከል በሚቀረው ባዶ ስፍራ ስለ ትጋትና ስለ ቁጠባ አጫጭር ምክር ይጽፍበት ነበር፤ ሌላ መጽሐፍ የማይገዙ ሰዎች እርሱን ይገዙ ነበርና። በመጨረሻም ያን ምክር ሁሉ ሰብስቦ አንድ ሽማግሌ በሐራጅ ገበያ ለተሰበሰቡ ሰዎች ሲናገሩ በሚያሳይ ልብ ወለድ ታሪክ ጻፈው። በታሪኩም ሰዎቹ የሽማግሌውን ንግግር ሰምተው እጅግ አመሰገኑ፤ ሐራጁም በተከፈተ ጊዜ የሰሙትን ረስተው ያለ መጠን ይገዙ ጀመር። ለአዲስ ካፖርት ጨርቅ ሊገዛ የመጣው ሪቻርድ ብቻ አሮጌውን ጥቂት ጊዜ ሊለብስ ቆርጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በዚያ ዘመን በከተሞች አጠገብ ያለው ዱር እያለቀ የማገዶ ዋጋ ተወድዶ ነበር፤ የቤቱም ምድጃ አብዛኛውን ሙቀት በጭስ ማውጫው ያሳልፈው ነበር። ቤንጃሚን ሙቀቱ በቤት ውስጥ እንዲቀር የሚያደርግ የብረት ምድጃ አሰበ፤ በ1744ም አሠራሩን የሚገልጥ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። አገረ ገዢው ብቻውን የመሸጥ መብት ሊሰጠው ቢፈቅድ እርሱ አልተቀበለም፤ እኛ በሌሎች ሰዎች ግኝት እንደምንጠቀም ሌሎችም በእኛ ሊጠቀሙ ይገባል የሚል አሳብ ነበረውና። ምድጃው ጕድለት ነበረበት፤ ከእርሱም በኋላ የመጡ ሰዎች አሻሻሉት።

እንግዲህ እውነተኛ ታሪክ ጕድፉንም መናገር ይገባዋል። ይህ ሰው ብዙ ዘመን በቤቱ ባሪያዎች ነበሩት፤ በጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያትም ነበር። የሠራ ሰው ዋጋውን ተከልክሎ የሚገኝ ትርፍ ቁጠባ አይባልም፤ ግፍ ነው። ፍራንክሊን ከሸመገለ በኋላ አሳቡን ለወጠ፤ በ1787 ባርነትን ለማጥፋት የቆመ ማኅበር አለቃ ሆነ፤ ሊሞት ሁለት ወር ሲቀረውም ባርነት ይቅር የሚል ልመና ፈርሞ ለአገሩ ሸንጎ አቀረበ። ሸንጎውም ልመናውን አልፈጸመም።

አሜሪካውያን ከእንግሊዝ መንግሥት ሲለዩ ፍራንክሊን ከመሪዎቻቸው አንዱ ነበረ፤ መልእክተኛ ሆኖም በፈረንሳይ አገር ብዙ ዓመት ተቀመጠ። በዚያም ሳለ በ1784 ለአንድ የፓሪስ ጋዜጣ የጨዋታ ደብዳቤ ጻፈ። የፓሪስ ሰዎች ማታ አምሽተው ቀን ስለሚተኙ በፀሐይ ብርሃን ፈንታ ሻማ እንደሚያነዱ አይቶ ሒሳቡን ሠራ። 100,000 ቤተ ሰብ በሰዓት ግማሽ ግማሽ ፓውንድ ክብደት ሻማ፣ በቀን 7 ሰዓት፣ 183 ቀን ቢያነዱ 64,050,000 ፓውንድ ክብደት ሰም በከንቱ ይቃጠላል ብሎ አስላ። ቀልድ ነበረ፤ ነገር ግን የሻማ ሠሪው ልጅ በነገሥታት ከተማ ተቀምጦም ሻማ መቍጠርን አልረሳም።

ፍራንክሊን በ1790 በ84 ዓመቱ በፊላዴልፊያ ሞተ። ከመሞቱ በፊት በኑዛዜው ላይ አንድ ነገር ጨምሮ ነበር። ፔንሲልቫኒያ የሚባለውን አገር ሲያስተዳድር የተከፈለውን ደመወዝ ለራሱ አላደረገውም፤ ከዚያም ገንዘብ ለቦስተን 1,000 ፓውንድ፣ ለፊላዴልፊያም 1,000 ፓውንድ ተናዘዘ። ገንዘቡም ሥራ ተምረው ለጨረሱ፣ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች ለሆነ፣ ሚስት ላገቡ መልካም ጠባይ ላላቸው የእጅ ሠራተኞች ከመቶ 5 ወለድ እንዲበደር፣ እነርሱም በየዓመቱ ከዋናው ዐሥረኛውን እየከፈሉ እንዲመልሱ አዘዘ። ገንዘቡ በዚህ ዐይነት 200 ዓመት እንዲቆይ ሠራ። በወጣትነቱ ማተሚያው ሊሸጥበት ሲል ያበደሩትን ሁለት ወዳጆቹን አልረሳምና።

በእርሱ ትእዛዝ መሠረት ከመቶ ዓመት በኋላ ከገንዘቡ ከፊሉ ወጣ፤ በቦስተንም የእጅ ሥራ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተሠርቶ በ1908 ተከፈተ። 200 ዓመቱ በ1990 ሲፈጸም የቦስተኑ ገንዘብ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ የፊላዴልፊያውም 2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆኖ ተገኘ።

ልጆች ሆይ፤ በእጃችሁ ያለችው ሳንቲም ትንሽ ናት። ከመስጠታችሁ በፊት ግን ፊሽካውን አስቡ። ዐደራ የተሰጣችሁን የሌላ ሰው ገንዘብ አትንኩ፤ ጓደኛ ቢለምናችሁም እምቢ ማለትን አትፈሩ። በቤታችሁ መብራት በከንቱ ሲነድ ብታዩ አጥፉት፤ ደብተራችሁም ባዶ ገጽ ሳለው አትጣሉት። የተረፈውንም በጕድጓድ ውስጥ ለመቅበር አታጠራቅሙ። ቤንጃሚን ከምሳው አትርፎ መጽሐፍ ገዛ፤ ከድካሙ አትርፎ ዕዳውን ከፈለ፤ ከደመወዙ አትርፎ ለማያውቃቸው ወጣቶች ተወላቸው። ንፉግ ሰው ገንዘቡን ከሌላው ይከለክላል፤ ቆጣቢ ሰው ግን የሚሰጠው እንዳያጣ ከከንቱ ነገር ይከለክለዋል።